መጋዙ ሲዛነፍ ልጁን ከመውቀስዎ በፊት

ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ ሻንጣ ሲከፈት ከሽቶውና ከጫማው መሀል አሁን አሁን የሥራ መሣሪያም ብቅ ይላል። ረጅም ዘመን በእንጨት ሥራ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ስለሆንኩ፣ ጎረቤቶቼና የቀድሞ ደንበኞቼ "እስቲ ይቺን ነገር ይዩልን" እያሉ ይዘውልኝ ይመጣሉ። ከሚያመጡልኝ ሁሉ ብዙ ጥያቄ የሚያስነሳው በሀዲድ ላይ የሚሄደው መጋዝ ነው።

ለማያውቁት ባጭሩ ላስረዳ። ተራው የእጅ ሰርኩላር መጋዝ የሚመራው በሠራተኛው እጅ ብቻ ነው። ይኼኛው ግን ከአሉሚኒየም የተሠራ ረጅም ሀዲድ አለው። ሀዲዱ በሚቆረጠው እንጨት ላይ ይነጠፋል፤ መጋዙም ከሥሩ ባለው ቦይ የሀዲዱን ጉብታ ይዞ እንደ ባቡር ይንሸራተታል። መሣሪያውን በሰፊው ያስተዋወቀው የጀርመኑ ፌስቱል ነው፤ ዛሬ ማኪታ፣ ቦሽና ዲዎልትም ይሠሩታል። ለቤተሰብ ያለው ጥቅም ግልጽ ነው። 122 በ244 ሳንቲ ሜትር የሆነውን ሙሉ ኤምዲኤፍ ወይም ኮምፔንሳቶ፣ ትልቅ የጠረጴዛ መጋዝ ሳያስፈልግ፣ በጠባብ ግቢ ውስጥ መቁረጥ ይቻላል።

ታዲያ ቅሬታው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ "ሀዲድ እያለው እንዴት ይጠማል?" የሚል። ቀጥሎ የሚመጣው ደግሞ ወቀሳ ነው። አባት ልጁን፣ ሚስት ባሏን፣ ባል ዕቃውን የላከውን ዘመድ ይወቅሳል። የአንድ ሙሉ ኤምዲኤፍ ዋጋ ዛሬ ቀላል ስላልሆነ ወቀሳው ይመር ይሆናል እንጂ አይገርምም። እኔ ግን ከመውቀስ በፊት የሚጠየቅ አንድ ጥያቄ አለ እላለሁ።

ስህተቱ ይደጋገማል ወይስ ይለዋወጣል?

ባለፈው ክረምት የ16 ዓመቱ የልጅ ልጄ ለታናሽ እህቱ የመጽሐፍ መደርደሪያ ሊሠራ ተነሣ። መጋዙን አጎቱ ከጀርመን ነው ያመጣለት። ሁለት ረጃጅም ጎኖች ከተበላሹ በኋላ አባቱ ትዕግሥቱ አለቀና "እጁ አይጸናም፤ ለአናጺ እንስጠውና እንረፍ" አለ። ልጁም መልስ አልሰጠም። መነጽሩን አውልቆ ወደ ቤት ገባ።

እኔ ስደርስ መጋዙን አልነካሁም። ልጁን ጠርቼ የተበላሹትንም ደህና የሆኑትንም እንጨቶች በተቆረጡበት ቅደም ተከተል ግድግዳው ላይ እንዲያስደግፋቸው ነገርኩት። ከዚያ "ምን ይታይሃል?" አልኩት። ትንሽ ቆየና "አባባ፣ አጫጭሮቹ በሙሉ ቀጥ ያሉ ናቸው። የጎበጡት ረጃጅሞቹ ብቻ ናቸው። ደግሞ ሁለቱም የጎበጡት መሀላቸው አካባቢ ነው" አለኝ። መሀል ላይ ያለው ምንድን ነው? ሁለቱ ሀዲዶች የተቀጠሉበት ቦታ ነው።

አባቱን ጠርቼ አሳየሁት። የሚንቀጠቀጥ እጅ አንዴ እዚህ አንዴ እዚያ ያጠፋል፤ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የሚያጠፋ እጅ የለም። እሱም እንጨቶቹን አንድ በአንድ ዓይኑ ሥር እያደረገ ከተመለከተ በኋላ "እንግዲያው ሀዲዱን እንየው" አለና ከልጁ ጎን በርከክ አለ። ይቅርታ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ልጁ ግን መነጽሩን መልሶ አጠለቀ።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ቀላል ነው። በአንድ ቦታና በአንድ መጠን የሚደጋገም ስህተት አብዛኛውን ጊዜ ከመሣሪያው ወይም ከአደራረጉ ይመጣል። በየጊዜው የሚለዋወጥ ስህተት ደግሞ የላላ ነገር ወይም ያልጸና አያያዝ መኖሩን ይናገራል። ስለዚህ መጀመሪያ በትርፍራፊ እንጨት ላይ አንዱን ቆረጣ ሦስት ጊዜ ይደጋግሙና ጎን ለጎን አስቀምጠው ይመልከቱ። ከዚያ በኋላ ነው ብሎን የሚነካው፤ እሱም አንድ በአንድ። ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ የነካ ሰው የትኛው እንዳዳነው አያውቅም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ከሁሉ ይቀድማል። ከዚህ በታች ያለውን ፍተሻ በሙሉ ስታደርጉ ሶኬቱ ይነቀል፤ ባለ ባትሪ ከሆነም ባትሪው ይውጣ።

መስመሩ ሲጎብጥ

መጀመሪያ መጋዙን ሀዲዱ ላይ አስቀምጠው ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዝውዙት። ከተንቀሳቀሰ በመጋዙ መቀመጫና በሀዲዱ ጉብታ መካከል ክፍተት አለ ማለት ነው። አብዛኞቹ መጋዞች መቀመጫቸው ላይ ከፊትና ከኋላ ሁለት ማጥበቂያዎች አሏቸው። ውዝዋዜው እስኪጠፋ ጥቂት በጥቂት ያጥብቁ፤ መጋዙ ግን በቀላሉ መንሸራተቱን እንዳያጣ። ከመጠን በላይ ከጠበቀ እጅ በኃይል መግፋት ይጀምራል፤ በኃይል የሚገፋ እጅ ደግሞ ይጣመማል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ሞክረው አይተዉት፤ ከሀዲዱ ጫፍ እስከ ጫፍ ያንሸራትቱት።

ቀጥሎ ቅጥያው ይታያል። ከመጋዙ ጋር ብዙ ጊዜ የሚመጣው ሀዲድ 140 ሳንቲ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የ244 ሳንቲ ሜትር እንጨት ሁለት ሀዲድ ይፈልጋል። ሁለቱን ሲቀጥሉ ጫፎቻቸውን አጥብቀው አያጋጥሙ። ጫፉ በትክክል ቀጥ ብሎ ካልተቆረጠ፣ አጥብቀው ሲያጋጥሙት መስመሩ መሀል ላይ ይሰበራል። እንደ ወረቀት የቀጠነ ክፍተት ይተዉና ረጅምና ቀጥ ያለ ውሃ ልክ ከቅጥያው ግራና ቀኝ እንዲደርስ አድርገው በሀዲዱ ጀርባ ጠርዝ ያስደግፉ። በጥቁሩ ጎማ በኩል ግን አያስደግፉ፤ ጎማ ይለጠጣል። ብሎኖቹን እያፈራረቁ በዝግታ ያጥብቁ። ከልክ ያለፈ ጥብቀት አሉሚኒየሙን ያጎብጠዋል። የልጅ ልጄ ሀዲድ ላይ የነበረው ችግር ይኸው ነበር፤ ጫፎቹ ተጣብቀው ነበር የታሰሩት። ፈተው በውሃ ልክ ሲያስሩት ሦስተኛው ረጅም ጎን ቀጥ ብሎ ወጣ።

ሀዲዱ ራሱ የተጣመመ ከመሰለዎት በእርሳስ ይፈተናል። ሰፊ እንጨት ላይ በጀርባው ጠርዝ በኩል ረጅም መስመር ያስምሩ። ሀዲዱን ፊቱን ሳይገለብጡ ዞር አድርገው ያንኑ ጠርዝ ከመስመሩ ማዶ ያምጡትና ጫፎቹን ከመስመሩ ጫፎች ጋር ያገናኙ። መሀል ላይ ክፍተት ወይም መደራረብ ከታየ ሀዲዱ ጎብጧል፤ የሚያዩት መጠንም የትክክለኛው ጉብጠት እጥፍ ነው። ሻንጣ ውስጥ ከሌላ ዕቃ ሥር ተጭኖ የመጣ ሀዲድ ይህ ሊደርስበት ይችላል።

እንጨቱም መደገፍ አለበት። መሀሉ ወደ ታች ሲረግብ የተቆረጠው ክፍተት ተመልሶ ይዘጋና ዲስኩን ይነክሳል። እኩል ውፍረት ያላቸው ሞራሌዎች መሬት ላይ ደርድረው ከላያቸው ቢያነጥፉት፣ ሁለቱም ቁራጮች እስከ መጨረሻው በቦታቸው ይቆያሉ።

መስመሩ ቀጥ ብሎ ከምልክቱ ሲርቅ

በሀዲዱ ጠርዝ ላይ ያለው ጥቁር ጎማ ሁለት ሥራ አለው። የእንጨቱን ፊት ተጭኖ እንዳይሸራረፍ ይጠብቃል፤ ዲስኩ የሚያልፍበትንም ቦታ ያሳያል። አዲስ ሲሆን ትንሽ ሰፋ ብሎ ይመጣል፤ በመጀመሪያው ቆረጣ መጋዙ ራሱ በልኩ ይቆርጠዋል። ከዚያ በኋላ የጎማው ጠርዝና የእርሳሱ ምልክት ከተገናኙ ሥራው ትክክል ይሆናል።

ታዲያ ዲስኩ በሌላ ውፍረት ሲቀየር፣ በአንድ ሀዲድ ላይ ሁለት የተለያዩ መጋዞች ሲሠሩ፣ ወይም ጎማው ሲበላ ይህ ምልክት ይዋሻል። ፈተናው ቀላል ነው። አንድ ትርፍራፊ ይቁረጡ፤ ሀዲዱን ሳያነሡ በጣትዎ የጎማውን ጠርዝና የተቆረጠውን ጠርዝ ይዳስሱ። አንዱ ከሌላው ከወጣ ጎማው ልክ አይደለም፤ አዲስ ተለጥፎ እንደገና ይቆረጣል። እዚህ ላይ ቅደም ተከተሉን ልብ ይበሉ። መጀመሪያ የመቀመጫው ክፍተት ይስተካከላል፤ ጎማው የሚቆረጠው ከዚያ በኋላ ነው። ይህ ከተገለበጠ ማጥበቂያው መጋዙን በጥቂቱ ስለሚያዛውረው አዲሱም ጎማ ይበላሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ስህተቱ የሚለዋወጥ ከሆነ ደግሞ ሀዲዱ እየተንሸራተተ ሊሆን ይችላል። ከሆዱ በኩል እንዳይንሸራተት የሚይዙት ቀጫጭን የላስቲክ መስመሮች ሰጋቱራ ከያዙ አቅም ያጣሉ። እርጥብ ጨርቅ ይበቃቸዋል። አቧራ በሚበዛበት ግቢ በሁለት ሞርሳ ጫፍና ጫፉን ማሰር ከሁሉ ይሻላል።

የትኛው ጎን እንደሚቀርም ይወሰን። ዲስኩ ብዙውን ጊዜ 2 ሚሊ ሜትር ገደማ በልቶ ያልፋል። ሀዲዱ በሚፈለገው ቁራጭ ላይ ከተቀመጠ የሚበላው ከትርፉ ነው። በትርፉ ላይ ከተቀመጠ ግን ከመደርደሪያዎ 2 ሚሊ ሜትር ይጎድላል።

ጠርዙ ሲያጋድል

ከላይ ሲያዩት ቀጥ ያለው መስመር ከጎን ሲያዩት ያጋደለ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ዓይነት ጠርዞች ሲጋጠሙ መሀላቸው ብርሃን ያሳያል። ያለ ስኳድራ የሚሠራ ፈተና አለ። አንድ ትርፍራፊ ለሁለት ይቁረጡ፤ አንዱን ቁራጭ ፊቱን ወደ ታች ገልብጠው በጠፍጣፋ ነገር ላይ ሁለቱን የተቆረጡ ጠርዞች ያጋጥሙ። ሙሉ በሙሉ ከገጠሙ ዲስኩ ቀጥ ብሎ ቆሟል። ከላይ ወይም ከታች ከተከፈተ ያጋደለው የሚያዩትን ግማሽ ነው።

መጋዙ የሚያጋድልበት ማጠፊያ ውስጥ ሰጋቱራ ገብቶ ወደ ዜሮ እንዳይመለስ ይከለክለዋል፤ መጀመሪያ ያጽዱት። ካልተስተካከለ የዜሮ ማቆሚያዋን ብሎን በአምራቹ መመሪያ መሠረት ማስተካከል ነው። ጠባብ እንጨት ሲቆረጥ ደግሞ ሀዲዱ ከእንጨቱ ውጪ ተንጠልጥሎ መጋዙን ይዞ ያጋድላል። ከሥሩ እኩል ውፍረት ያለው ሌላ እንጨት ያድርጉለት።

አራቱ ማዕዘኖች ሲከዱ

ይህን ብዙ ሰው ይስተዋል። ሀዲድ ቀጥታን ያውቃል እንጂ ማዕዘንን አያውቅም። መስመሩ የቱንም ያህል ቀጥ ቢል ሀዲዱ አጋድሞ ከተነጠፈ የቁም ሳጥኑ በር አይዘጋም። ስለዚህ አግድሞቹ ይለኩ። የ122 በ244 እንጨት ከማዕዘን እስከ ማዕዘን ያለው ሰያፍ ልክ 272.8 ሳንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ዋናው ነገር ግን ሁለቱ ሰያፎች እኩል መሆናቸው ነው። ለትንንሽ ሥራ በአንዱ ጠርዝ 60፣ በሌላው 80 ሳንቲ ሜትር ምልክት ያድርጉ፤ በምልክቶቹ መካከል ያለው ርቀት 100 ከሆነ ማዕዘኑ ትክክል ነው። ግንበኞቻችን ቤት ሲቀይሱ በ3፣ 4 እና 5 የሚያደርጉት ነው።

ለመደርደሪያ ብዙ እኩል ቁራጭ ሲያስፈልግ በየጊዜው በሜትር መለካቱን ይተዉ። በሚፈልጉት ስፋት ልክ ሁለት ዱላ ቆርጠው፣ አንዱን በዚህ ጫፍ ሌላውን በዚያ ጫፍ በጠርዙና በሀዲዱ መካከል ያስገቧቸው። ሁሉም ቁራጭ አንድ ልክ ይወጣል። ይህ ሥራ ለልጅ የሚሰጥ ጥሩ ሥራ ነው።

ጠርዙ ሲቃጠልና ሲሸራረፍ

ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል። ጠርዙ ጠቁሮ ሲሸት ይቁሙ። አንደኛው ምክንያት የደነዘ ወይም ሙጫ የያዘ ዲስክ ነው። ሁለተኛው ለሥራው የማይሆን ዲስክ ነው፤ ላሚኔት ለለበሰ ቦርድ፣ በ16 ሳንቲ ሜትር ዲስክ፣ 48 ጥርስ ያለው ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል። ጥርሱ የበዛ ዲስክ ወፍራም እንጨትን በርዝመቱ ሲሰነጥቅ ግን ይቃጠላል። ጥልቀቱም ይታይ። ዲስኩ ከእንጨቱ ሥር 2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር ቢወጣ ይበቃል፤ የሀዲዱ ውፍረትም መቆጠሩን አይርሱ።

ሦስተኛው ዲስኩ ከሀዲዱ ጋር ያለው አቀማመጥ ነው። የዲስኩ የኋላ ጥርሶች ከፊተኞቹ በፀጉር ያህል ከሚቀረው ቁራጭ ራቅ ማለት አለባቸው፤ አለዚያ ፊተኞቹ የቆረጡትን ኋለኞቹ እንደገና ይፍቁታል። ጠርዙን ወደ ብርሃን ያዙሩና የዲስኩን ጭረቶች ይመልከቱ። ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ከጎበጡ ደህና ነው። በሚቀረው ቁራጭ ላይ ጭረቶቹ ከተሻገሩና ከጠቆሩ የኋላ ጥርሶቹ እየነኩ ነው። ማስተካከያው የመቀመጫውን ብሎኖች መፍታት ስለሚጠይቅ የአምራቹ መመሪያ ከሌለዎት ለባለሙያ ይስጡት።

አራተኛው ኤሌክትሪክ ነው። የእኛ አገር መስመር 220 ቮልት ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ መጋዝ ግን ለ120 ቮልት የተሠራ ነው፤ ሶኬቱን ብቻ ቀይረው ቢሰኩት ሞተሩ ይቃጠላል። ከመጋዙ ዋት በላይ የሚችል ትራንስፎርመር የግድ ነው። የባለ ባትሪውንም ቻርጀር ጀርባውን ያንብቡ። ከአውሮፓ፣ ከእስራኤልና ከዱባይ የሚመጣው ለ230 ቮልት ስለሆነ ይስማማል። ቀጭንና ረጅም ኤክስቴንሽንም የሞተሩን ጉልበት ይበላል፤ የተጠቀለለውን ገመድ እስከ መጨረሻው ፈተው ይጠቀሙ።

ልጅ አጠገብ ሲኖር

ሀዲድ መጋዙን ይመራል እንጂ አደጋን አያስቀርም። ዲስኩ እንጨቱ ውስጥ ከተነከሰ መጋዙ በሀዲዱ ላይ ወደ ኋላ ሊወረወር ይችላል። ስለዚህ ከመጋዙ ኋላ በቀጥታ አይቆምም፤ ወደ ጎን ፈንጠር ብሎ ነው። ዲስኩ ቆሞ ሳይጨርስ መጋዙ አይነሣም። የዓይን መነጽርና የጆሮ መከላከያ ይደረግ፤ የኤምዲኤፍ ብናኝ ለሳንባ ጥሩ ስላልሆነ አፍና አፍንጫ ይሸፈን። ትንንሽ ልጆች ሥራው በሚካሄድበት ግቢ ውስጥ ባይኖሩ ይመረጣል፤ አንድ ሰው እነሱን ብቻ ይያዝ።

አሥራዎቹ ውስጥ ያለ ልጅ ግን ፍተሻውን ከመጀመሪያው ቀን ሊሠራ ይችላል። መስመር ያስምር፣ ሰያፍ ይለካ፣ ሁለቱን ቁራጭ ገልብጦ ያጋጥም። ይህ ሁሉ ሶኬቱ ተነቅሎ፣ መጋዙ ጠፍቶ የሚሠራ ነው። ሞተሩን የሚያስነሣው ትልቅ ሰው አጠገቡ ሲቆም ብቻ ይሁን።

አንድ ደብተርም ይስጡት። ቀኑን፣ የቆረጠውን እንጨት፣ ያየውን ስህተትና የነካውን ብሎን ይጻፍበት። ሥራው ሲበላሽ "ምን አደረግህ?" የሚለውን ጥያቄ "ምን አየህ?" በሚለው ይቀይሩት። የመጀመሪያው ጥያቄ ልጅን መከላከል ያስጀምረዋል፤ ሁለተኛው ደግሞ እንጨቱን እንዲያይ ያደርገዋል። የልጅ ልጄ ደብተር አሁን ሰባት ገጽ ደርሷል። ባለፈው ሳምንት አባቱ የወጥ ቤቱን መደርደሪያ ሊቆርጥ ሲነሣ፣ መጋዙን ከማንሣቱ በፊት ደብተሩን ጠየቀው።